«ቀኑ አይገጥምም» ብላኝ ነበር

ይሄ ያጋጠመኝ 2017 ዓ.ም. ከፋሲካ በኋላ ነው፣ ባህር ዳር ሰርግ በሰርግ በሆነችበት ሰሞን። ጣና ዳር ዛፉ ስር በየቀኑ ሙሽራ ፎቶ ሲነሳ ታያላችሁ፣ ያ ሁሉ ሰርግ ደግሞ ቪዲዮው የሆነ ቦታ ቁጭ ተብሎ መሠራት አለበት። እኔ የምሠራው የኮምፒውተር ጥገና ነው። ከደንበኞቼ አንዱ ከሐይቁ ብዙም ያልራቀ የቪዲዮ ስቱዲዮ ነው፣ ባለቤቱን ጋሼ ነው የምላቸው፣ አንድ ጠዋት ደወሉና «ልጄ ዋናው ማሽን ሬንደር ላይ እየተኛብን ነው፣ ሙሽሮቹ እሁድ ይረከባሉ፣ እባክህ ድረስልን» አሉኝ። ባጃጅ ይዤ ሄድኩ።

ማሽኑ ጥሩ ማሽን ነው። ፕሮሰሰሩ ኮር አይ7 12700ኬ፣ በውሃ የሚቀዘቅዝ (ፓምፕ ውሃውን በቱቦ በፕሮሰሰሩና በራዲያተሩ መሃል ያዞረዋል)፣ አዲስ አበባ ተገጣጥሞ የመጣ፣ 3 ዓመት ያገለገለ። ኤዲተሯ ልጅ ሬንደሩን፣ ማለትም የተሠራውን ቪዲዮ አንድ ፋይል አድርጎ ማውጣቱን፣ ስታስጀምርልኝ ሙቀቱ በ10 ሰከንድ ውስጥ 100 ዲግሪ ገባ። 100 የዚህ ፕሮሰሰር ጣሪያው ነው፣ እዛ ሲደርስ እንዳይቃጠል ራሱ ፍጥነቱን ይቆርጣል፣ እና 4.7 ጊጋኸርዝ መሄድ የሚገባው ወደ 2 ምናምን ወርዶ እየተንፏቀቀ ነበር። ልጅቷ ከጎኔ ቆማ «ይኸው እንዲህ ነው የሚያደርገን» አለችኝ።

እዚህ ላይ ሙያውን ለምትወዱት አንድ ነገር ልበል። ሙቀት ስንት ደረሰ ብቻ ሳይሆን እንዴት ወጣ የሚለውም መታየት አለበት። ቀስ እያለ በ15 በ20 ደቂቃ የሚወጣ ከሆነ ውሃው ሙቀቱን እየተሸከመ ነው ግን ራዲያተሩ ላይ አልወጣም ማለት ነው፣ አቧራ ነው፣ ፋን ነው፣ ወይ ክፍሉ ራሱ ሞቆ ነው። በሰከንዶች ውስጥ ጣሪያ ከነካ ግን ሙቀቱ መጀመሪያውኑ ከፕሮሰሰሩ እየተነሳ አይደለም፣ ወይ ፔስቱ (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መሃል የሚቀባው) ወይ አገጣጠሙ ወይ ፓምፑ ነው። ባህር ዳር ላይ ደግሞ ሁለት ነገር ይጨመራል፣ አንደኛ ሚያዝያ ላይ ከሰዓት 30 ዲግሪ ገደማ ይሆናል፣ ውሃው ደግሞ ምንም ቢሆን ካለበት ክፍል አየር በታች ሊቀዘቅዝ አይችልም። ሁለተኛ ከተማችን ከባህር ጠለል በላይ 1800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ ፋኑ በተመሳሳይ ዙር ባህር ዳርቻ ካለ ከተማ ያነሰ ሙቀት ነው የሚወስደው። ግን እነዚህ ሁለቱ ጥቂት ዲግሪ ይጨምራሉ እንጂ በ10 ሰከንድ 100 አያስገቡም።

ቱቦዎቹን በእጄ ነካኋቸው። አንዱ ያቃጥላል፣ ሌላው ቀዝቃዛ፣ ራዲያተሩም ገና ለብ አላለም። ይሄ በጣም ግልጽ ምልክት ነው፣ ውሃው በደንብ አይዞርም ማለት ነው። እዛ ላይ መቆየት ነበረብኝ። ግን የሙቀት ማሳያው ሶፍትዌር ላይ «ፓምፕ» የሚል መስመር ምንም አላነበበም፣ «ቻሲስ ፋን 2» የሚል በደቂቃ 900 ዙር ሲያሳይ አየሁና የኬዙ ፋን ነው ብዬ አለፍኩት። ማሽኑን አጥፍቼ ከሶኬት ነቅዬ ስፈታው ደግሞ ፔስቱ ደርቆ እንደ ኖራ ይፈረፈራል። አሃ በቃ ተገኘ አልኩ። አጽድቼ አዲስ ቀባሁ፣ አራቱንም ብሎን በሰያፍ እያፈራረቅሁ አጠበቅሁ፣ ስከፍተው ሁሌ እንደማደርገው ባዮስ (ማሽኑ ገና ሲነሳ የሚከፈተው የማዘርቦርዱ ሴቲንግ) ገብቼ ፋኖቹን በሙሉ ፉል ላይ አደረግኳቸው፣ የራሙም ፍጥነት 3200 መሆን ሲገባው 2133 ላይ ነበር እሱንም አስተካከልኩ፣ ሬንደር ስንሞክር 74 ዲግሪ። ጋሼ መረቁኝ።

እቃዬን እየሰበሰብኩ ልጅቷ «ሌላ ደግሞ አንዳንዴ ቀኑ አይገጥምም፣ ዓመቱ ይሳሳታል» አለችኝ። እኔ ምን አልኩ፣ የፈረንጅ አቆጣጠር ስለሆነ ነው እህቴ፣ አሁን ከኛ 8 ዓመት ይቀድማል፣ መስከረም ላይ ደግሞ 7 ይሆናል፣ ሰዓቱም በ6 ይለያል ብዬ ቆሜ አስረዳኋት። ልጅቷ ይሄን አታውቅም ብዬ ነው፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ የምትውል ልጅ። «እሱስ ገብቶኛል» አለችና ዝም አለች። ዝም ያለችው ተስማምታ መሰለኝ። እስካሁን የሚከነክነኝ ይቺ ቦታ ናት።

በ4ኛው ቀን ተደወለ። እንደገና 100። ሄጄ ሳየው ያው ምልክት፣ ያው አንድ ሙቅ አንድ ቀዝቃዛ ቱቦ። አሁን ፔስት ሊሆን አይችልም፣ ስለዚህ አየር ገብቶበት ይሆናል ብዬ አሰብኩ። ከዓመታት በኋላ ከቱቦዎቹ ውስጥ ትንሽ ትንሽ ውሃ እየተነነ አየር ይተካዋል፣ አየሩ ፓምፑ ጋ ከተሰበሰበ ፓምፑ ባዶውን ይዞራል፣ ለዚህ ነው ፓምፑ ከሁሉም በላይ ከፍ ብሎ እንዳይቀመጥ የሚባለው። ኬዙን ነቅዬ ወዲህ ወዲያ አጋደምኩት፣ መልሼ ሰካሁ፣ ባዮስ ገብቼ ፋኖቹን ፉል አደረግኩ (እንደገና ዝቅ ብለው ማግኘቴ ራሱ ሊያስገርመኝ ይገባ ነበር፣ ሰው ነካክቶት ይሆናል ብዬ አለፍኩ)፣ 75 ዲግሪ። አየሩ ወጣ አልኩ። ሁለት ነገር በአንድ ጊዜ ነክቼ ለአንዱ ብቻ ምስጋና ሰጠሁ፣ መጀመሪያም እንደዛው ነበር ያደረግኩት።

ለሦስተኛ ጊዜ ሲደወል ፓምፑ ሊሞት ነው ብዬ ለጋሼ ነገርኳቸው። ሌላ ማቀዝቀዣ ይግዙ አልኳቸው። ሰውየው በዛ የሰርግ ጥድፊያ መሃል ሳያቅማሙ ብሩን አዲስ አበባ ላኩ። እኔን አምነው ነው የላኩት፣ ያ ገንዘብ የልጅቷ የሁለት ወር ደሞዝ ቢሆን አይገርመኝም።

እቃው እስኪደርስ ጊዜያዊ መላ ልፈልግ ሄጄ ቁጭ ብዬ ሳለ ልጅቷ ፎልደር ከፍታ የጠዋት ሥራዋን ትፈልጋለች። ፋይሎቹን በቀን ነው የምትደረድራቸው፣ አዲሱ ከላይ ይሆናል። ወርዳ ወርዳ ከታች ጫፍ ላይ አገኘችው። «ያው ደሞ እንደ ልማዱ» አለች። ምኑ አልኳት። «ያኔ የነገርኩህ ነዋ፣ ሌሊት መብራት ሄዶ ካደረ ጠዋት ስከፍተው 2022 ይላል፣ ብሮውዘሩም ሰዓትሽ ልክ አይደለም እያለ አላስገባ ይለኛል፣ ትንሽ ቆይቶ ከኢንተርኔት ራሱ ይስተካከላል፣ ያን ጊዜ የሠራሁት ግን ታች ይቀርብኛል።» ፎልደሩን አየሁት። ሰባት ፋይል፣ ሁሉም ጃንዋሪ 1፣ 2022። የሰባት የተለያየ ቀን ጠዋት ሥራ አንድ ቀን ላይ ተደራርቦ ቁጭ ብሏል።

መብራት በሄደ ማግስትስ ሙቀቱ እንዴት ነው አልኳት። አሰበችና «እኮ ያን ቀን ነው የሚብሰው፣ አጭር ከሄደ ምንም አይልም» አለችኝ። ያን ጊዜ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣልኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዘርቦርዱ ላይ ሳንቲም የምታክል ሲአር2032 የምትባል ባለ 3 ቮልት ባትሪ አለች፣ ሥራዋ መብራት በሌለበት ሰዓቱንና የባዮሱን ሴቲንግ መያዝ ነው። ኮምፒውተሩ ጠፍቶም ቢሆን ሶኬት ላይ እስካለ ድረስ ፓወር ሰፕላዩ ትንሽ ኃይል ስለሚሰጥ ባትሪዋ ብትሞትም አይታወቅም። እዛ ስቱዲዮ ዩፒኤስ አለ፣ መብራቱ ለ10 ደቂቃ ቢሄድ ዩፒኤሱ ይይዘዋል፣ ሌሊቱን ሙሉ ከሄደ ግን እሱም ያልቅበታል፣ እና ባዮሱ ሁሉን ረስቶ ፋብሪካ እንደወጣ ይሆናል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ራሙ 2133 ይሆናል፣ ፋኖቹም ወደ ጸጥታው ሴቲንግ ይወርዳሉ። እኔም በየጊዜው ማሽኑን ከሶኬት ስነቅል ራሴ አስረስቼው፣ ከዛ በእጄ ፉል እያደረግኩ፣ ተጠገነ እያልኩ እሄድ ነበር።

ግን ፋን ዝቅ ቢል ሙቀት ሲጨምር ተመልሶ መዞር አለበት አይደል። ገመዱን ተከትዬ ሄድኩ። መጀመሪያ የገጣጠመው ሰው የፓምፑን ገመድ የፓምፕ ቦታው ላይ ሳይሆን የኬዝ ፋን መሰኪያ ላይ ነው የሰካው። ያቺ 900 ዙር ያየኋት «ቻሲስ ፋን 2» ፓምፑ ራሱ ነበረች። እዛ ቦርድ ላይ የኬዝ ፋን ፍጥነቱን የሚወስነው በፕሮሰሰሩ ሙቀት ሳይሆን በቦርዱ ሙቀት ነው፣ ፕሮሰሰሩ 100 እየነደደ ቦርዱ 38 ላይ ስላለ ፓምፑ ምንም እንዳልተፈጠረ ቀስ ብሎ ይዞራል። 190 ዋት ድረስ የሚስበውን ፕሮሰሰር ያ የሚንፏቀቅ ውሃ አይችለውም።

እርግጠኛ ለመሆን ምንም ሳልነካ ሶኬቱን ነቅለን 10 ደቂቃ ጠበቅን። ስንከፍተው ጃንዋሪ 1፣ 2022፣ ፓምፕ 900፣ ሬንደር ሲጀመር 100። ባዮስ ገብቼ ያቺን አንዷን መስመር ብቻ ፉል አደረግኩ፣ ሌላ ምንም የለም፣ ዙሩ 2700 ገባ፣ ሙቀቱ 75። በዚህ ሁሉ ምልልስ አንድ ነገር ብቻ ለይቼ የነካሁት ያን ጊዜ ነው። ባትሪዋን በቴስተር ስለካት 2 ቮልት እንኳ አትሞላም። ከመንገዱ ማዶ ካለ ሱቅ ከምሳ ባነሰ ዋጋ ገዝቼ ቀየርኩ፣ ገመዱንም የፓምፕ መሰኪያው ላይ አዛወርኩት፣ እሱ ባዮሱ ሁሉን ቢረሳም ፉል ነው የሚያዞረው።

ወዲያው አዲስ አበባ ደወልኩ፣ እቃው ተጭኖ ነበር። ለጋሼ ጥፋቱ የኔ እንደሆነ ነገርኳቸው፣ የሁለተኛውንና የሦስተኛውን የሰርቪስ ብር መለስኩላቸው። «እቃው ይቀመጥ፣ አንድ ቀን ይፈለጋል» አሉኝ፣ አልተቆጡም፣ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ልጅቷንም ይቅርታ ጠየቅኳት። «እኔ እኮ እንዴት እንደምለው ስላላወቅኩ ነው» አለችኝ። በትክክል ነበር ያለችው፣ ቀኑ አይገጥምም አለች፣ አልገጠመም።

ከመውጣቴ በፊት ሌላው ክፍል ያለውን ማሽን ልየው ብዬ ጋሼን ጠየቅኩ፣ አንድ ላይ የተገዛ፣ አንድ ሰው የገጣጠመው ነው። የእሱም የፓምፕ ገመድ ኬዝ ፋን ላይ ነበር። አዛወርኩት። ባትሪው ግን ገና 3 ቮልት ያሳያል። ቢሆንም ቀየርኩት፣ ልጅቷ አጠገቤ ቆማ የት እንደምትቀመጥና እንዴት እንደምትወጣ አሳይቻት።