አትተርጉሚው፣ ፊቱን ልየው

ካሴቱ እስካሁን እኔ ጋ አለ። የሚያጫውተው ዴክ ከተበላሸ ቆይቷል፤ ቢሠራም ክሩ የሚተርፍ አይመስለኝም። ገና ሲጀምር ነጭ መስመር ምስሉን ይበጣጥሰው ነበር፣ ድምፁም ይንቀጠቀጣል። ያን ቦታ የፈጀነው አባቴና እኔ ነን። «መልሺው እስቲ» ይለኛል፣ አጠነጥናለሁ። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ «መልሺው እስቲ»።

ፊልሙ «ዘ ወርልድ አት ዋር» ነው፤ ቴምስ ቴሌቪዥን ሠርቶት ከኦክቶበር 1973 እስከ ሜይ 1974 በብሪታንያ የታየው፣ ስለ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት የሚተርክ ባለ 26 ክፍል ዘጋቢ ፊልም። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) አዘጋጁ ጄረሚ አይዛክስ፣ ሙዚቃው የካርል ዴቪስ፣ ተራኪው ሎረንስ ኦሊቪዬ። የሚከፈተው በጦር ሜዳ አይደለም፣ በሂትለርም አይደለም። ባዶ መንገድና ጣሪያቸው የወደቀ ቤቶች ናቸው የሚታዩት። ፈረንሳይ ውስጥ ያለች ኦራዱር ሱር ግላን የምትባል መንደር ናት። ጁን 10 ቀን 1944 የናዚ ጀርመን ኤስኤስ ወታደሮች ገብተው ወንዶቹን በየጋራዡና በየጎተራው፣ ሴቶቹንና ሕፃናቱን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጨረሷቸው። ከ640 ሰው በላይ፣ በአንድ ከሰዓት በኋላ። አዲሱ መንደር ከጎን ተሠራ፤ አሮጌዋ ግን ፍርስራሿ እንዳለ እንዲቆይ ተደረገ።

አባቴ እንግሊዝኛ አይሰማም ነበር። አስተርጓሚው እኔ ነኝ፣ የ13 ዓመት ልጅ። ኦሊቪዬ ያን መንገድ እያሳየ አሁን እዚያ የሚኖር ሰው እንደሌለ ሲናገር፣ «አሁን ማንም አይኖርባትም ይላል» አልኩት።

«አሁን ማለት መቼ?»

የካሴቱን ሽፋን አገላብጠን 1973 የሚል አገኘን። በጣቶቹ ቆጠረ። «ከዚያ ወዲህስ?» አለኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። ማጠንጠን የጀመርነው ያን ቀን ነው፤ እሱ ከፍርስራሹ ውስጥ የሆነ የሰው ምልክት የሚፈልግ ይመስለኝ ነበር።

በኋላ ቪዲዮ ኤዲት ማድረግ እንጀራዬ ሲሆን፣ ይህ ፊልም ለምን እንደያዘን በሙያ ዓይን ማየት ጀመርኩ። አይዛክስና ባልደረቦቹ ከትልልቆቹ ስሞች ይልቅ አጠገባቸው የነበሩትን ነው ያሳደዱት፦ ጸሐፊዎችን፣ ረዳቶችን፣ ተራ ወታደሮችን፣ ቦምብ ሲወርድባቸው ያደሩ እናቶችን። ትራውድል ዩንገ የሂትለርን ኑዛዜ በታይፕ የጻፈችው ወጣት ነበረች። ካርል ቮልፍ የኤስኤስ አለቃ የነበረው የሂምለር የቅርብ ረዳት ነበር። ስለ አይሁዶች ጭፍጨፋ በሚናገረው 20ኛው ክፍል ላይ ቮልፍ ተቀምጦ፣ ሂምለር ሚንስክ ላይ ሰው ሲረሸን ሊያይ የሄደበትን ቀን ይተርካል። ሂምለር ወደ ጉድጓዱ ተጠግቶ ሲመለከት ከሚረሸኑት የአንዱ አንጎል ተፈናጥሮ እንዳረፈበት፣ ፊቱ እንደተለወጠ፣ ሊወድቅ ሲል እሱ ደግፎ እንደያዘው። ጡረታ የወጣ ሰው የድሮ የሥራ ገጠመኙን ሲያወራ እንደሚሆነው ነው አነጋገሩ። የታሪክ ምሁር ጣልቃ ገብቶ ምን ሊሰማን እንደሚገባ አይነግረንም።

እዚህ ላይ አባቴ ክንዴን ያዘኝ። «አትተርጉሚው» አለ። «ፊቱን ልየው።»

ዛሬ እንዲህ ያለ ቃለ መጠይቅ ቢሰጠኝ አምስት ሴኮንድ ሳይሞላ ታንክ ወይም እሳት እንዳስገባበት እጠየቃለሁ። ተመልካቹ ይሰለቻል ይሉኛል። እኔ ግን እንግሊዝኛ የማይሰማ ሰው፣ ትርጉሙን አስቁሞ፣ ያን ፊት ሲመለከት አይቻለሁና አላምናቸውም።

ይህ ፊልም የማያውቀው ነገርም አለው፤ ያን ደግሞ እወድለታለሁ። እንግሊዞች ብሌችሊ ፓርክ ውስጥ የጀርመንን ምስጢራዊ መልእክት ይፈቱ እንደነበር በይፋ የተወራው በ1974 ነው። ስለዚህ ስለ ሰርጓጅ መርከቦች የሚናገረው ክፍል ስለ ራዳሩ፣ ስለ አውሮፕላኑ፣ ስለ አጃቢ መርከቦቹ በደንብ ያስረዳና ስለዚያ ምስጢር ምንም አይልም። ዛሬ ሳየው ተናጋሪዎቹ የጦርነቱን ግማሽ ገና ሳይሰሙ ስለ ጦርነቱ ይመሰክራሉ። ይህን የመሰለ ነገር ከመጽሐፍ አላገኘሁም።

«ዘ ግሬት ዋር» ይቀድመዋል። ቢቢሲ የአንደኛውን የዓለም ጦርነት 50ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ በ1964 ያሳየው ነው፤ እሱም 26 ክፍል፣ በማይክል ሬድግሬቭ ትረካ። እንደ ኤዲተር ከምንም በላይ የማደንቀው አንድ ሥራ እዚህ አለ። በዚያ ዘመን በእጅ በሚዞር ካሜራ የተቀረጸ ፊልም በሴኮንድ 16 ያህል ፍሬም (አንድ ነጠላ ምስል ማለት ነው) ነው ያለው። በቴሌቪዥን ፍጥነት፣ በ25 ሲለቀቅ፣ ወታደሩ ሁሉ ጠብ ጠብ እያለ ይሮጣል፤ ያየ ሰው ይስቃል። ሊሞት የሚሄድ ሰው ላይ ይሳቃል! አዘጋጆቹ ፍሬሞችን በየመሃሉ ደግመው በማተም ርምጃቸውን መለሱላቸው። ቀርበህ ስታየው እግሩ ከጭቃው ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ይታወቃል፤ የሸክሙ ክብደት ትከሻውን ወደ ፊት ይጎትተዋል። ያኔ ሰው ይሆናል።

ያው ፊልም ቅር የሚያሰኘኝም ነገር አለው። ለፊልም ተብሎ የተተወነ ውጊያ ከእውነተኛው ጋር ምልክት ሳይደረግበት ተቀላቅሏል። የብሪታንያው የጦርነት ሙዚየም፣ የኢምፔሪያል ዋር ሙዚየም ኃላፊ የነበሩት ኖብል ፍራንክላንድ በጊዜው ተቃውመዋል፤ በኋላ የ«ዘ ወርልድ አት ዋር» ዋና የታሪክ አማካሪ የሆኑትም እሳቸው ናቸው። ልክ ነበሩ።

የኬን በርንስ «ዘ ሲቪል ዋር» በ1990 ሲወጣ የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ተንቀሳቃሽ ምስል ስላልነበረው በአብዛኛው በፎቶና በደብዳቤ ቆመ። ሻለቃ ሱሊቫን ባሉ ለሚስቱ የጻፈው ደብዳቤ ሲነበብ፣ ከአንድ ሳምንት በኋላ በቡል ራን ውጊያ እንደሚቆስልና እንደማይተርፍ እያወቅሁ እንኳ በየጊዜው እጄ ይቀዘቅዛል። «ባንድ ኦፍ ብራዘርስ» በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ስለተዋጉ አሜሪካውያን ወታደሮች የተሠራ ድራማ ነው፣ 2001፣ 10 ክፍል። ከውጊያ ትዕይንቶቹ ይልቅ እኔ ጋ የቀሩት በየክፍሉ መግቢያ ላይ የሚናገሩት ሽማግሌዎች፣ እውነተኛዎቹ ወታደሮች ናቸው። ስማቸው እስከ መጨረሻው ክፍል አይጻፍም። ማን እንደተረፈ ሳናውቅ ፊታቸውን ለምደን እንቆያለን።

ባለፈው ወር ጥሩ ጥራት አለው የተባለ የ«ዘ ወርልድ አት ዋር» አዲስ ዲጂታል ቅጂ ገዝቼ ከፈትኩ። ነጩ መስመር የለም፣ ድምፁ ጥርት ያለ ነው። ግን ሰፊውን ስክሪን እንዲሞላ ተብሎ ምስሉ ከላይና ከታች ተቆርጧል። አስልቼዋለሁ፤ አራት በሦስት የነበረውን ወደ አሥራ ስድስት በዘጠኝ ስታመጣው ከምስሉ ሩቡ ይሄዳል። ቃለ መጠይቅ ላይ የሚሄደው ግንባርና አገጭ ነው። በንዴት እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰዎቹ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞተዋል፤ የቀራቸው ያ ፊት ነው፣ እሱንም ለስክሪን ቅርፅ ሲባል ቆረጡት።

ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሳይቆረጥ በፊት የወጣውን የድሮ ዲቪዲ አገኘሁ። ቀለሙ ደብዝዟል። 20ኛውን ክፍል ከፍቼ ቮልፍ እስኪቀርብ ጠበቅሁ። ግንባሩም አገጩም በቦታቸው ነበሩ። ድምፁን ዘጋሁትና አየሁት፤ ሲጨርስ መለስኩት።