«101 የለም ወይ?»

የቪዲዮ ጨዋታችን ፈታሽ ሪፖርት ሁለት መስመር ብቻ ነበር። «ከግዙፉ ጋር ስዋጋ ዝማሬው ይጠፋል። ሲመለስም ከከበሮው ጋር አይገጥምም።» ሁለት ቀን ሙሉ ሞከርኩት፤ ዝማሬው አንድም ጊዜ አልጠፋም። በሦስተኛው ቀን «ችግሩ አልታየም» ብዬ ልዘጋው ስል ፈታሹ ልጅ ራሱ መጥቶ ከኋላዬ ቆመ።

«እስቲ እንዴት እንደምትሞክረው አሳየኝ።»

አሳየሁት። ተዋጊውን ከግድግዳ ጥግ አቆምኩት፣ ምንም እንዳይጎዳው የሚያደርገውን ትእዛዝ አስገባሁ፣ የጆሮ ማዳመጫዬን አጠለቅኩና ዐይኔን ጨፈንኩ። ቤዙ ገባ። ግዙፉ አንድ እርምጃ ሲቀርብ ቫዮሊኖቹ ተከተሉት፤ ሲቆጣ ከበሮው ተነሣ፤ በመጨረሻ ከራሱ ከግዙፉ ጉሮሮ የሚወጣ የሚመስለው ዝማሬ ጣሪያውን ሞላው። ሦስት ወር የለፋሁበት ሥራ ነው፤ ዛሬም ሳዳምጠው ደስ ይለኛል።

«አንተ እኮ አትዋጋም» አለ ልጁ። «ኮንሰርት ገብተህ ነው የምትቀመጠው።»

መቆጣጠሪያውን ወሰደና ቀስቱን ያዘንበው ጀመር። ግዙፉ በተመታ ቁጥር የወርቅ ሳንቲም ይረግፍለታል፤ ልጁ ደግሞ የረገፈውን ሁሉ በአንዴ ወደ ራሱ የሚስበውን ጉልበት ቀድሞ ይዟል። ሃያ ሰከንድ እንኳን አልሞላም። ሳንቲሞቹ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ በረዶ ተንጣጡ፤ መዘምራኑም ቃላቸውን ሳይጨርሱ አፋቸውን ዘጉ።

የክትትሉን መስኮት ከፈትኩት። ደካማው መሣሪያ እንዳይንገዳገድ ብለን በአንድ ጊዜ የሚሰሙትን ድምፆች በ40 ገድበን ነበር። ቁጥሩ 38፣ 39፣ 40 ደረሰና ቆመ። ከዚያ ወዲያ አዲስ ሳንቲም በገባ ቁጥር ከዝርዝሩ አንድ ስም ይሰረዛል። መጀመሪያ የተሰረዘው ዝማሬው ነበር፤ ከግዙፉ አካል ጋር ስላሰርኩት በራቀ ቁጥር ቅድሚያው ይቀንስ ነበርና። ቀጥሎ ቤዙ ሄደ። የቤዙን መጥፋት ማንም ሪፖርት አላደረገም፤ ይህንን ለብቻዬ አዝኜበታለሁ።

የሳንቲሟን ቅድሚያ አየሁት፦ 100። የጨዋታውን ድምፅ በምናቀናብርበት ሶፍትዌር፣ በዋይዝ፣ ከዚያ በላይ ቁጥር የለም። ማንም ያልነካው ድምፅ 50 ላይ ይቀመጣል። የእኔ ሙዚቃ 80 ነበር፤ ጨዋነት መስሎኝ።

የድምፅ ውጤቶቹን ወደምትሠራው ባልደረባዬ ሄድኩ። ንዴቴን የደበቅኩ መስሎኝ ነበር።

«ለሳንቲም 100 የሰጠው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ።»

«ሳንቲም እኮ ናት!»

«አጭር ናት፤ ማንንም አትጎዳም። ደግሞ እንደዚያ አድርጊ ያልከኝ አንተ ነህ።»

«እኔ?»

ምንም ሳትል ስልኳን አውጥታ ወደ ኋላ ትገፋው ጀመር። ረጅም ጊዜ ገፋችው። ከሁለት ወር በፊት የጻፈችልኝ ጥያቄ ወጣ፦ «ሳንቲሟ ውጊያ መሃል አትሰማም፤ ምን ላድርግ?» ከሥሩ የእኔ መልስ ከነሰዓቱ አለ፦ «ቅድሚያውን ከፍ አድርጊው»። ሦስት ቃል። ቫዮሊኖቹን እያስተካከልኩ፣ ራሴን ከስክሪኑ ሳላነሣ እንደጻፍኩት ለመገመት ማስረጃ አያስፈልገኝም። ምን ያህል ከፍ? ከማን በላይ? በአንድ ጊዜስ ስንት ሳንቲም ነው የሚጮኸው? አንዱንም አልጠየቅኩም። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች ይባላል፤ እኔ ግን የሰውንም አላማሰልኩም፤ ከማዶ ሆኜ «እሳቱን ጨምሪ» ነው ያልኩት።

እሷም ጨመረች፣ እስከ ጣሪያው። ቀስቱን የሠራው ይህን አይቶ ቀስቱን 100 አደረገ። የእግር ኮቴው 100 ሆነ። የበሩ ሲጥታ ሳይቀር 100 ሆኖ አገኘሁት። ግዙፉ ባለበት አዳራሽ ደግሞ በር የለም።

በዚያው ሳምንት ይህን ሁሉ በስብሰባ ላይ አስረዳሁ። የፕሮጀክቱ ኃላፊ እስከ መጨረሻው አዳመጡኝና፣ «ታዲያ ሙዚቃውንም 100 አድርገውና እንገላገል» አሉ። መከራከር ይገባኝ ነበር። ነገር ግን ደክሞኝ ነበር፤ እውነቱን ለመናገርም ሐሳቡ ጥሞኝ ነበር። አደረግኩት።

ምንም አልተለወጠም። ዝማሬው ጠፋ፣ ቤዙ ጠፋ፣ ከበሮውና ቫዮሊኖቹም ተከትለው ሄዱ። አዳራሹ ውስጥ የቀረው ግዙፉና የሳንቲም ዝናብ ብቻ ነበር።

ነገሩ ቀላል ነው፤ ከገባኝ በኋላ ማለቴ ነው። ሁለት ድምፆች እኩል ቅድሚያ ሲኖራቸው ዋይዝ የትኛውን ከዝርዝሩ እንደሚያስወጣ አስቀድሞ ይመረጣል፦ የቆየውን ወይም አዲስ የመጣውን። የእኛ ቅንብር የቆየውን የሚያስወጣ ነበር፤ ለቀስትና ለእግር ኮቴ ትክክለኛው ምርጫ ይኸው ነው፣ ያለፈውን ኮቴ ማን ይፈልገዋል? ሙዚቃ ግን በተፈጥሮው አንጋፋ ነው። ውጊያው ሲጀመር ገብቶ አራት ደቂቃ ሙሉ ሲጫወት የቆየ እንግዳ ነው። ሁሉም በእኩል ወንበር ከተቀመጡ ዕድሜ ይቆጠራል፤ ዕድሜ ከተቆጠረ ደግሞ ምንጊዜም ተረኛው ሙዚቃ ነው። ሳንቲሟ ገና አሁን ተወልዳለች።

ይህን ለኃላፊው አስረዳሁ። አገጫቸውን ይዘው አሰቡ።

«101 የለም ወይ?»

ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም።

«የለም» አልኳቸው። «ቢኖርም ነገ ሳንቲሟ 101 ትሆናለች።»

«ማን ይፈቅድላታል?»

ሁለት ወር ወደ ኋላ የሄደው የስልክ መልእክት ትዝ አለኝና ዝም አልኩ።

የሚገርመኝ ጉዳዩ አዲስ አለመሆኑ ነው። ፋሚኮም የተባለው የኒንተንዶ የጨዋታ መሣሪያ እ.ኤ.አ. በ1983 ሲወጣ የድምፅ መስመሮቹ አምስት ነበሩ፤ ተጫዋቹ ሲዘል ወይም ሲተኩስ የድምፅ ውጤቱ ከሙዚቃው አንዱን መስመር ነጥቆ ይጮኽና ይመልስለት ነበር። መስመሩ አምስት ሲሆን ማን ለማን እንደሚለቅ ሳይወስኑ መሥራት ያስቸግራል። እኛ 40 ስለነበረን መወሰን ያለብን አልመሰለንም።

ቁጥሮቹን ከአዲስ ማደላደል የእኔ ዕጣ ሆነ። በዚያ ሥራ መሃል የጀግናችን ንግግር 0 ተብሎ ተቀምጦ አገኘሁት። ያስቀመጠው ፕሮግራመር የመጣው ዩኒቲ ከሚባለው የጨዋታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነው፤ እዚያ ከ0 እስከ 256 ሲቆጠር 0 ከሁሉ በላይ፣ 256 ከሁሉ በታች ነው። ዋይዝ ተቃራኒው ነው። ጀግናውን ዙፋን ላይ ያስቀመጠው መስሎት ከምድር ቤት አስገብቶታል። ንግግሩ ጽሑፍ ሆኖ ስክሪኑ ላይ ስለሚወጣ ድምፁ መጥፋቱን ለወራት ማንም አላስተዋለም፤ እኔም ጭምር።

መፍትሔው የሚያኮራ አይደለም። ሳንቲሟ በአንድ ጊዜ ከሦስት በላይ እንዳትጮኽ ለራሷ ገደብ አበጀሁላት፤ ለቀስቱ ስድስት። ይህ ብቻውን አብዛኛውን ጣጣ አስወገደ፤ ሠላሳ ሳንቲም ተደራርቦ ሲጮኽና ሦስት ሲጮኽ በጆሮ የሚለይ ሰው ቡድናችን ውስጥ አልተገኘም። ባልደረባዬም አልለየችውም፤ ዐይኗን አስጨፍኜ ፈትኛታለሁ። ንግግሩን ከላይ፣ ሙዚቃውን ከሥሩ፣ የቀረውን ከ70 በታች አወረድኩት።

የዝማሬው መዛነፍ ግን ሙሉ በሙሉ የእኔ ጥፋት ነበር። ከግዙፉ ጋር እንዲንቀሳቀስ ስል እንደ ተራ ተደጋጋሚ ድምፅ ነው ያስገባሁት፤ ቦታ ሲያጣ ዝም እንዲል፣ ቦታ ሲያገኝ ደግሞ ካቆመበት እንዲቀጥል አዝዤው ነበር። እንቅልፍ ወስዶት ሲነቃ የጀመረውን ዐረፍተ ነገር እንደሚቀጥል ሰው ማለት ነው፤ ጨዋታው ግን ርቆ ሄዷል። ሊመረጥ የሚገባው ሌላው ዓይነት ነበር፦ ድምፁ ባይሰማም ጊዜውን የሚቆጥር፣ መሣሪያውን አስቀምጦ እግሩን ከመምታት እንደማያቆም ሙዚቀኛ። አንድ ምርጫ መለወጥ ነበር፤ አሥር ሰከንድ ፈጀብኝ። ፈታሻችን በድጋሚ ሞክሮ ሪፖርቱን ዘጋው፤ ከሥሩም «ኮንሰርቱ ደርሶናል» ብሎ ጻፈ።

በሚቀጥለው ፕሮጀክት ማንም ሰው ከ70 በላይ ቁጥር ሲያስገባ ምክንያቱን እንዲጽፍ ሕግ አወጣሁ። ባለፈው ሳምንት ባልደረባዬ ዝርዝሩን ስትመለከት ቆየችና ወንበሯን ወደ እኔ አዞረች።

«ይህች የድል ሙዚቃ 100 ነው የምትለው።»

«አዎ።»

«ምክንያት አልተጻፈባትም።»

«ሁለት ሰከንድ እኮ ናት» አልኳት። «አጭር ናት፤ ማንንም...»

አልጨረስኩትም። እሷም ምንም አላለችም፤ ወደ ስክሪኗ ተመለሰች። ከአፍታ በኋላ ስልኬ ጮኸ፤ ምክንያቱን በጽሑፍ ጠይቃኛለች። እስካሁን አልመለስኩላትም።