ሳንዳውን ላይ ለመጋለብ ያየሁት አሳር

ያስቸገረኝ ፈረሱ አይደለም። ወረቀቱ ነው።

የእንግሊዝ ጦር ውስጥ የመድፈኛ መኮንን ነኝ። ከለንደን ወጣ ብሎ ኢሸር በሚገኘው ሳንዳውን ፓርክ ወታደሮች የሚጋልቡባቸው ሁለት የመሰናክል ዝላይ ውድድሮች አሉ። አንዱ የመድፈኞቹ ዋንጫ ነው፣ ሌላው ግራንድ ሚሊታሪ። ጋላቢዎቹ አማተሮች ናቸው፤ ሳንቲም አይከፈለንም። እንጅባራ ያደገው፣ ፈረስ የሚያውቀው አባዬ ይህን ስነግረው «በነጻ አንገትህን ልትሰብርላቸው?» አለኝ።

ለመጋለብ ፈቃድ የሚያስፈልገውን ስልጠና የእንግሊዝ የፈረስ ውድድር ከተማ በሆነችው ኒውማርኬት ወሰድኩ። የአካል ብቃቱን አለፍኩ። ፈረስ ግዛ የሚል ምክር ትሰማላችሁ፤ አትስሙ። ለወቅቱ ተከራዩ። የቀለቡንና የጋጣውን ወጪ የምታውቁት ስትገዙ ነው።

ልምድ ለማግኘት ገጠር በሚደረጉ የአማተር ውድድሮች ጀመርኩ። አንድ ቅዳሜ ፈረሴ ከፊቱ ቦይ ያለውን አጥር ሳይለካ ተነሳ። እኔ በጭንቅላቴ መጣሁ። እዚህ አገር ጋላቢ የሕክምና መዝገብ አለው፤ ሐኪሙ በቀይ ከጻፈበት እስኪነሳለት ድረስ መጋለብ የለም። ተጻፈብኝ። ልክ ነው፣ ጭንቅላት ቀልድ አይደለም።

የሚያናድደው ከዚያ በኋላ ያለው ነው። የጦሩ ሐኪም ደጋግሞ መርምሮ ለሥራ ብቁ ነህ አለኝ። መድፍ ማስተኮስ ተፈቀደልኝ። ፈረስ ላይ መውጣት ግን አልተፈቀደም። የመጋለብ ፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ሠራተኛ የሐኪሙን ደብዳቤ ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ ባዶ ነው። «በኛ ቅጽ አይደለም» ብሎ መለሰልኝ። ቅጹን ወደ ጦሩ ክሊኒክ ወሰድኩት፤ «የሲቪል ቅጽ አንሞላም» ተባልኩ። እንደ ገና ጨዋታ ሩር ከወዲያ ወዲህ ተለጋሁ።

በመጨረሻ አንዱ እሺ ሲል ሌላ መጣ። ከመውደቄ በፊት በኮምፒውተር የሠራሁት የማስታወስና የአእምሮ ፍጥነት ፈተና ፋይል ጠፋ። የአሁኑ ውጤት የሚመዘነው ከእሱ ጋር ነው። ሠራተኛዋ «አዲስ መነሻ ውሰድ» አለችኝ። የተመታ ጭንቅላት እንዴት ነው መነሻ የሚሆነው? ደግነቱ ውጤቱን ያኔ በስልኬ ፎቶ አንስቼው ነበር። እሱን ሳሳያት ዝም አለች፤ ይቅርታ የሚባል ነገር ግን የለም።

በዚያ ሰሞን ስለ ካፒቴን ጋይ ዲዝኒ ደጋግሜ አነበብኩ። እ.ኤ.አ. በ2009 አፍጋኒስታን፣ ሄልመንድ ውስጥ ቀኝ እግሩን ከጉልበት በታች አጣ። የመጋለብ ፈቃድ ሲጠይቅ መጀመሪያ ተከለከለ። በ2017 ራትሊን ሮዝ በተባለ ፈረስ ሁለቱንም ዋንጫ በላ። የሱን ሳስብ የኔ ፋይል አፈርኩበት፤ ንዴቴ ግን አልበረደም።

ስለዚህ ምክሬ ይኸው። «ውጤቱ በሲስተም አለ» ሲሏችሁ አትመኑ፤ እያንዳንዱን ገጽ ፎቶ አንሱ። የጦሩንና የውድድሩን ሐኪሞች ሳትወድቁ በፊት በኢሜይል አገናኟቸው። ኢሜይል ካልተመለሰ በአካል ሂዱ፤ በር ላይ የቆመ ሰው ቶሎ ይሸኛል። የፈረሱ ስም በዋዜማው ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት መግባት አለበት። የኔ ማረጋገጫ የደረሰው በዚያው ጠዋት ነው፤ ቁርስ አልወረደልኝም።

ውድድሩ? ባቡር ሐዲዱ ዳር ሦስት አጥሮች ተከታትለው ይመጣሉ። አንዱን ካበላሻችሁ ለሚቀጥለው መተንፈሻ የለም። ፈረሴ ሦስቱንም አሳምሮ ዘለለ። ዳገቱ ላይ ግን ጉልበቱ አለቀ፣ አምስተኛ ወጣን። አባዬ በስልክ «ስንት ሆናችሁ ነው አምስተኛ?» አለኝ። አልነገርኩትም።

ቅሬታዬን በጽሑፍ አስገብቻለሁ። «በመታየት ላይ ነው» ብለውኛል።