ከሰባት ገጽ ወደ አንድ ቅጠል፦ የሦስት ሳምንት ሙከራዬ

የሥነ ዜጋ መምህር ነኝ። ስለ ሰብዓዊ መብቶች የምናስተምርበት ሰሞን ደረሰና አንድ ነገር ፈለግሁ። የዓለም አቀፉ የሰብዓዊ መብቶች መግለጫ ሙሉ የአማርኛ ጽሑፍ፣ መግቢያውም 30ዎቹ አንቀጾችም፣ በእያንዳንዱ ተማሪ እጅ እንዲገባ። እየቀነጨቡ ማስተማር ይቻላል። ግን ልጁ ሙሉውን ይዞ፣ ጣቱን አንቀጹ ላይ አድርጎ ሲከራከር ሌላ ነው። መግለጫው ፓሪስ ላይ በዲሴምበር 10 ቀን 1948 እ.ኤ.አ. ሲጸድቅ ከደገፉት 48 አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች። ይህን ስነግራቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል፤ ወረቀቱን መስጠት ያለብኝም ያን ጊዜ ነው።

ጽሑፉን ኢንተርኔት ላይ አገኘሁት። ለማተም ኮንትሮል ፒ ስጫን ፕሪቪው ላይ (ከመታተሙ በፊት በሚያሳየው ምስል) 7 ገጽ ይላል። ክፍሌ ውስጥ 54 ልጆች አሉ። 378 ወረቀት ማለት ነው። ትምህርት ቤቱ ያንን አይችልም፣ እኔም አልችልም። ስለዚህ ለአንድ ልጅ አንድ ቅጠል ብዬ ወሰንኩ። እዚያ ለመድረስ ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ። የተማርኩትን ላካፍላችሁ፤ ብዙዎቻችሁ ተመሳሳይ ጣጣ እንዳለባችሁ አውቃለሁና።

መጀመሪያ ያደረግሁት ሁላችንም የምናደርገውን ነው። የኅትመቱን መጠን በመቶኛ የሚወስነውን፣ ስኬል የሚለውን 50 አደረግሁት። ገጾቹ በእርግጥ ቀነሱ። ነገር ግን ጽሑፉ መሃል ላይ እንደ ቀጭን መቀነት ተሰብስቦ፣ ግራና ቀኙ ባዶ ሆኖ ወጣ። ምክንያቱን በኋላ ነው የተረዳሁት። ብዙ ድረ ገጾች ለጽሑፉ ስፋት ገደብ ያበጁለታል። ስታሳንሱት ፊደሉ ብቻ ሳይሆን ያ የተገደበው ዓምድም አብሮ ይጠባል። ወረቀቱ ሰፊ ቢሆንም ጽሑፉ አይሞላውም።

ሌላም ችግር ነበረ። ከላይ ያለው የማውጫ መስመር በእያንዳንዱ ገጽ አናት ላይ እየተደገመ ታተመ። ስክሪን ላይ ስንወርድ አብሮን የሚወርደው ዓይነት ነው። አንዱ ገጽ ላይ የአንቀጽ 12 የመጀመሪያ መስመር ሙሉ በሙሉ ከሥሩ ተሸፍኖ ነበር። ስለ ግል ሕይወትና ስለ ቤት አለመደፈር የሚናገረው አንቀጽ ነው። ሳላየው አባዝቼ ቢሆን ኖሮ 54 ልጆች ያለ እሱ ይማሩ ነበር። ከዚያ ወዲህ ፕሪቪውን እያንዳንዱን ገጽ ሳላይ አላትምም።

እንደዚያም ሆኖ አንዷን ናሙና አባዛኋትና ለአንዲት ጎበዝ ተማሪ ሰጠኋት። አንቀጽ 23ን ጮክ ብለሽ አንብቢ አልኳት። «ሥራ» የሚለውን «ሥሩ» ብላ አነበበችው። ወረቀቱን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ ሄድኩ። እውነትም አይለይም። የራ እና የሩ ልዩነት እግራቸው ላይ ያለች ትንሽ ጭረት ናት። እሷ ደግሞ ፎቶ ኮፒው ላይ ወደ ነጥብ ተለውጣለች።

ሙከራዬን በሙሉ የቀየረው ይህ ነው። የኛ ፊደል ከላቲኑ ይለያል። ለ፣ ሉ፣ ሊ፣ ላ፣ ሌ ሲባል ድምፁን የምትለየው ያቺ ትንሽ ቅጥያ ናት። ፊደሉን በግማሽ ስናሳንስ መጀመሪያ የምትጠፋው እሷ ናት። በእንግሊዝኛ የሚሠራ መጠን በአማርኛ አይሠራም። የተለያየ መጠን አትሜ፣ ኮፒውን ደግሜ ኮፒ አድርጌ አነበብኩ። 6 ነጥብ (ነጥብ የፊደል መጠን መለኪያ ነው) ጨርሶ አይሆንም። 7 ለወጣት ዓይን በቀን ብርሃን ይነበባል፤ እኛ ክፍል ግን ከኋላ ጥግ ያለው መብራት አይሠራም። 9 ላይ ሁሉም ልጅ አነበበ። ከ9 በታች አልወርድም ብዬ ወሰንኩ።

እዚህ ላይ አንድ ሒሳብ ልጨምር፣ ለኔ ብዙ ነገር ስለገለጠልኝ። ፊደል ሲያንስ በቁመትም በወርድም ነው የሚያንሰው። ስለዚህ ጽሑፉ ስፋቱን እስከ ሞላ ድረስ 4 ገጽ በ1 ገጽ ለማስገባት 25 ሳይሆን 50 በመቶ ይበቃል። 3 ገጽ ከሆነ 58፣ 2 ገጽ ከሆነ 71 በመቶ። ድረ ገጾች ላይ የተለመደው የፊደል መጠን 12 ነጥብ ነው። 71 በመቶው 8.5 ይሆናል። 58ቱ 7፣ 50ው 6። ስለዚህ ፊደል በማሳነስ ብቻ የምናተርፈው ቢበዛ ከሁለት ገጽ አንድ ገጽ ነው፣ ያውም ከ9 ትንሽ ወርደን፤ ከዚያ ካለፍን ዓይን ይጎዳል። የቀረው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት።

ከየት? ጽሑፍ ካልሆነው ነገር። በሁለተኛው ሳምንት ገጹን ፋየርፎክስ በሚባለው የኢንተርኔት ማሰሻ ላይ ከፍቼ ኤፍ 9 ተጫንኩ። የንባብ ገጽታ ይመጣል። ማውጫው፣ ሥዕሉ፣ የማጋሪያ ምልክቶቹ፣ ግርጌ ያለው አድራሻ ሁሉ ይጠፋና ጽሑፉ ብቻ ይቀራል። ሰባቱ ገጽ አራት ሆነ። አንዲት ፊደል ሳትነካ ሦስት ገጽ ወረቀት ተረፈ! ይህ በሁሉም ድረ ገጽ ላይ አይሠራም። ካልሠራላችሁ ኤፍ 12 ተጭናችሁ፣ የገጹን ኮድ በሚያሳየው መስኮት ውስጥ የማትፈልጉትን ክፍል መምረጥና ዲሊት ማድረግ ትችላላችሁ። የምታጠፉት ከራሳችሁ ስክሪን ላይ ብቻ ነው፤ ገጹን እንደገና ስትከፍቱት ሁሉም ይመለሳል።

ከዚያ ጽሑፉን ኮፒ አድርጌ ወርድ በሚባለው የጽሑፍ ፕሮግራም ላይ አስገባሁት። ስትለጥፉ ጽሑፉን ብቻ የሚለውን ምረጡ፤ ካልሆነ የድረ ገጹ ቀለምና ክፍተት ሁሉ ተጎትቶ ይመጣል። ማርጂኑን፣ ማለትም የወረቀቱን ዳር ባዶ ቦታ፣ ጠባብ የሚለው ላይ አደረግሁት። ከ2.54 ወደ 1.27 ሴንቲሜትር ሲወርድ ለጽሑፍ የሚሆነው ቦታ ከሩብ በላይ ይጨምራል። በየአንቀጹ መካከል ያለውን ክፍተት ወደ 3 ነጥብ ቀነስኩ። የመስመሩን ርቀት በቁጥር 12 ነጥብ ብዬ ቆለፍኩት፣ የግዕዝ ፎንቶች (የፊደል ቅርጾች) ሳይነገራቸው መስመሩን ስለሚያራርቁት። በመጨረሻ ጽሑፉን በሁለት ዓምድ ከፈልኩት። በትንሽ ፊደል የተጻፈ ረጅም መስመር ዓይንን ያስታል፤ ልጁ መስመር ሲቀይር የቱ ጋ እንደነበር ይጠፋበታል። አጭር ዓምድ ይህን ያቃልላል። የአንቀጾቹን ቁጥር ብቻ ደመቅ አደረግሁ።

በ9 ነጥብ ስሞክር ጽሑፉ አንቀጽ 17 ላይ ደርሶ ገጹ አለቀ። ሁለት ቀን ከዚያ ጋር ታገልኩ። መግቢያውን ልቁረጠው? አልፈለግሁም። መግለጫው ለምን እንደተጻፈ የሚያስረዳው እሱ ነው። ወደ 7 ልውረድ? የልጅቷ «ሥሩ» ጆሮዬ ላይ አለች። በመጨረሻ ያሰብኩት በጣም ቅርብ የነበረውን ነገር ነው። የወሰንኩት አንድ ቅጠል እንጂ አንድ ገጽ አልነበረም። ቅጠል ፊትና ጀርባ አለው። እንዲያውም ቦታ ስለተረፈኝ ፊደሉን ወደ 9.5 ከፍ አደረግሁት።

የፎቶ ኮፒ ቤቱን ነገር ባጭሩ ልንገራችሁ። ፋይሉን በፍላሽ ወሰድኩ። እዚያ ያለው ኮምፒዩተር የወረቀት መጠኑ ሌተር ላይ ነበር፤ የኔ ፋይል ግን በኤ4 ነው። የሌተር ቁመት 279 ሚሊሜትር ነው፤ የኤ4 297። በዚያች 18 ሚሊሜትር ምክንያት የአንቀጽ 30 መጨረሻ ሁለት መስመሮች ሦስተኛ ገጽ ላይ ወደቁ። ፎንቱም ስላልነበራቸው በሌላ ተተክቷል። ቤት ተመልሼ በኤ4 ፒዲኤፍ አድርጌ አመጣሁት። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ ያኔ ምንም አልተነቃነቀም። ከዚያ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ቅጠሎች ጀርባቸው ተገልብጦ ወጣ። ፊትና ጀርባ ስታሳትሙ በረጅሙ ጠርዝ ይገልበጥ በሉ፤ በአጭሩ ከሆነ ጀርባው ይዘቀዘቃል። መጀመሪያ አንድ ብቻ አሳትሙና ገልብጣችሁ እዩ።

ሐሙስ ዕለት 54 ቅጠል ይዤ ገባሁ። ከኋላ ጥግ፣ መብራት የሌለበት ጋ የሚቀመጠውን ልጅ አስነሳሁና አንቀጽ 26ን አንብብ አልኩት። ስለ ትምህርት መብት ነው። ወረቀቱን ወደ ዓይኑ ሳያስጠጋ፣ ክንዱን እንደዘረጋ እስከ መጨረሻው አነበበው። ቀጥሎ «የኔታ፣ አንቀጽ 24 ላይ ዕረፍትም መብት ነው ይላል፣ የቤት ሥራውን እንዴት ያዩታል?» አለኝ። ክርክሩ ከዚያ ጀመረ።

አሁን የምሞክረው ሰንጠረዥ ያለበትን ገጽ ነው። ሰንጠረዥ በዓምድ አይከፈልም፤ ወረቀቱን በአግድም ማድረግ ጀምሬያለሁ። የተሻለ መንገድ የምታውቁ ካላችሁ ጻፉልኝ፣ የሚቀጥለው ሰኞ ሳይደርስ።