ቀጥ ያለ ቀዳዳ የቆመ ስንጥቅ አያገኝም

ከጆሃንስበርግ በስተምዕራብ፣ በካርልተንቪል ዙሪያ ሻፍት፣ ማለትም ወደ ማዕድኑ ቁልቁል የሚወርድ ጉድጓድ፣ የሚያስቆፍር ሰው ብዙውን ጊዜ ወርቁ ጋ ከመድረሱ በፊት ውሃ ያዘለ ወፍራም ዶሎማይት ማለፍ ግድ ይለዋል። በ1968 እ.ኤ.አ. ዌስት ድሪፎንቴን የተባለውን የወርቅ ማውጫ ሊያሰጥም የደረሰው ውሃም ከዚሁ አለት የመጣ ነው። ስለዚህ የሥራዬ ትልቁ ክፍል ፈንጂ ከመጠመዱ በፊት ያልቃል።

መጀመሪያ ሻፍቱ በሚወርድበት አጠገብ ቀዳዳ አስቆፍሬ ኮር፣ ማለትም በመሰርሰሪያ ተቆርጦ የሚወጣ የአለት ዘንግ፣ አወጣለሁ። ሸክላማ አለት ሲደርቅ ስለሚፈረፈር ኮሩን እርጥብ ሳለ በዚያው ቀን ፎቶ አነሳዋለሁ። ከዚያ 10 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ የሆኑትን ቁርጥራጮች ብቻ እደምራለሁ፤ ከ1.5 ሜትር ውስጥ 90 ሴንቲ ሜትር ከተገኘ የአለቱ ጥራት 60 በመቶ ነው። መሰርሰሪያው የሰበረውን እንደ ስንጥቅ አልቆጥርም፤ የእሱ ስብራት ንጹሕና ሻካራ ሲሆን የተፈጥሮው ግን ዝገት መሳይ ቀለም ወይም ጭቃ አለበት።

ከሁሉ በላይ የማየው የጎደለውን ኮር ነው። ሠራተኞች ሳጥኑ እንዲያምር ቁርጥራጮቹን ያጠጋጓቸዋል፤ ያኔ የጠፋችው 40 ሴንቲ ሜትር ይዛ የነበረችው ፎልት (አለቱ ተሰብሮ የተንሸራተተበት ቦታ) አብራ ትጠፋለች። በጎደለው ቦታ እንጨት ይቀመጥ፣ ጥልቀቱም ይጻፍበት። ኮሩ እንደ ሳንቲም እየተቆራረጠ ከወጣ አለቱ ላይ ከባድ ጫና አለ፤ ግድግዳው በሁለት ተቃራኒ ጎኖች ሊላጥ ስለሚችል ቦልትና የሽቦ መረብ አስቀድሜ አዘጋጃለሁ።

ይህ ሁሉ የአንድ ቀዳዳ ወሬ ነው። ቀጥ ብሎ የወረደ ቀዳዳ ቀጥ ብሎ የቆመውን ስንጥቅ በጎኑ ያልፈዋል፤ ውሃውን የሚያመጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ነው። ስለዚህ ከሻፍቱ ወለል 50 ሜትር ቁልቁል የሚሄዱ ቀዳዳዎች በዙሪያው አሰረስራለሁ፤ ሁሉንም ሻፍቱን በሚዞር አንድ አቅጣጫ 5 ዲግሪ ያህል ዘንበል አደርጋቸዋለሁ። ይህ በ50 ሜትር ላይ 4.4 ሜትር የጎን ጉዞ ነው፤ ስንጥቆቹ በየሜትሩ ካሉ አራት ያህሉን ይቆርጣል። 40 ሜትር ከወረድን በኋላ ቀሪዋን 10 ሜትር እንደ ክዳን ትቼ ዳግም አሰረስራለሁ። ጊዜ ባከነ የሚል አለቃ መቼም አይጠፋም፤ ያቺን 10 ሜትር ግን አልሰጥም።

ከመሰርሰሩ በፊት ቫልቭ ያለው የብረት ቱቦ በሲሚንቶ ይታሰራል። የከርሰ ምድር ውሃው ከሚቆምበት ከፍታ 600 ሜትር ዝቅ ስንል የሚጠብቀን ግፊት 60 ባር ነው፤ ቱቦውን በ90 ባር ሳልፈትን ማንም እንዲቀጥል አልፈቅድም። በዙሪያው አለቱ ካላበ ቱቦው እንደገና ይታሰራል።

ስንጥቆቹን ለመድፈን በቀዳዳዎቹ የሚገፋውን የሲሚንቶና የውሃ ድብልቅ፣ ግራውቱን፣ በቀጭኑ፣ በክብደት 3 እጅ ውሃ ለ1 እጅ ሲሚንቶ እጀምራለሁ፤ ግፊቱ አልነሳ ካለ አወፍረዋለሁ። ገና ከመጀመሩ ግፊቱ ከዘለለ ስንጥቁ ሞላ ብዬ አልደሰትም። ተራ ሲሚንቶ ከ0.2 ሚሊ ሜትር የጠበበ ስንጥቅ ውስጥ ሳይገባ አፉን ብቻ ሊደፍነው ይችላል፤ እዚያ የሚያስፈልገው እጅግ የላመ ሲሚንቶ ነው። ሲጠነክር በሁለት የታከሙ ቀዳዳዎች መሃል ሌላ አሰረስራለሁ። ከእሱ ውሃ ከወጣ ግራውቱ ይደገማል፣ ፈንጂውም ይቆያል።