የተከራየሁት ተጎታች

ዛሬ የቤት ዕቃ ለማጓጓዝ ባለ አንድ አክስል (ግራና ቀኝ ጎማዎቹን የሚያገናኘው ዘንግ) ተጎታች ተከራይቼ ነበር። መጀመሪያ የቀረበልኝ ሰፊና አዲስ ቀለም የተቀባ ቢሆንም፣ ጠጋ ብዬ ጎማውን ስመለከት ጥርሱ ሳይበላ ጎኑ ደርቆ ተሰነጣጥቆ ስላገኘሁት አነስ ያለውን መረጥሁ። ለነገሩ መኪናዬ እንዲጎትት የተፈቀደለት ክብደት የተጎታቹን የራሱን ክብደት ጭምር ስለሚያካትት፣ ትልቁ ለእኔ አይሆንም ነበር።

ፍሬቻውንና የፍሬን መብራቱን ሞክሬ፣ የደኅንነት ሰንሰለቶቹን ከመንጠቆው ሥር አጠላልፌ አሰርሁ። ስህተቴ ጭነቱ ላይ ነበር፤ ለማውረድ እንዲቀለኝ ብዬ ማቀዝቀዣውንና የመጽሐፍ ካርቶኖቹን ከኋላ ደረደርሁ። ፍጥነቴ በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ሲደርስ ተጎታቹ ግራና ቀኝ ይወዛወዝ ጀመር፤ መሪውም በእጄ ውስጥ ቀለለኝ። እግሬ ወደ ፍሬኑ ቢቸኩልም፣ ድንገት መርገጥ ነገሩን እንደሚያባብስ አውቅ ስለነበር፣ መሪውን ቀጥ አድርጌ ይዤ ነዳጅ መስጫውን ብቻ በመልቀቅ ፍጥነቱ በራሱ እስኪበርድ ጠበቅሁ። ዳር ይዤ ከቆምሁ በኋላ ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከአክስሉ ፊት እንዲያርፍ አድርጌ እንደገና ጫንሁ፤ ከዚያ ወዲያ ዝም ብሎ ተከተለኝ።

ወደ ኋላ ስነዳው ግን መሪውን ወደ ግራ ባዞርሁ ቁጥር እርሱ ወደ ቀኝ እየሄደ፣ በሩ ላይ ለማቆም አራት ጊዜ መመላለስ ነበረብኝ።