ጥላ የሌለው ግንብ

ህንድ ስማር አንድ ታሚል ጓደኛዬ «ታንጃቩርን ሳታይማ አገርህ አትገባም» ብሎ ይዞኝ ሄደ። የሂንዱ አምላክ የሺቫ ቤተ መቅደስ ያለበት ከተማ ነው፤ ቤተ መቅደሱ ብሪሃዲሽዋራ ይባላል። ቀዳማዊ ራጃራጃ ቾላ የሚባል ንጉሥ ነው ያሠራው፤ ያለቀውም እ.ኤ.አ. በ1010 ነው።

በሩ ላይ ጫማ አውልቁ ተባልን። ለእኔ ምን አዲስ ነገር አለው? ቤተ ክርስቲያን ያደግኩ ልጅ ነኝ። ኮራ ብዬ አወለቅኩ። የእኛ ግን ምንጣፍ አለው። እዚህ ግቢው እንዳለ ድንጋይ፣ ሰዓቱ ደግሞ ቀትር።

ጥቂት እርምጃ እንደ ሰው ተራመድኩ። ከዚያ በኋላ ያለውን እስክስታ በሉት። እስክስታ በትከሻ ብቻ ነው ያለው ማነው?

ጓደኛዬ ምንም አልመሰለው። ከ60 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የግራናይት ግንብ እያሳየ፣ «ቀትር ላይ ጥላው መሬት አይነካም ይባላል» አለኝ። እሱ ተአምር ነው ያወራው፣ እኔ መርዶ ነው የሰማሁት። (ጠዋትና ማታማ ጥላ አለው። ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን ግን ግንቡ ወደ ላይ እየጠበበ ስለሚሄድ ጥላው እዚያው መሠረቱ ላይ ይቀራል። ይሄ የገባኝ ማታ እግሬን ውሃ ውስጥ ዘፍዝፌ ነው።)

በስተቀኝ በዓምድ የተደገፈ፣ ጣሪያ ያለው መተላለፊያ አየሁ። በረርኩ። ጸጉራቸው ላይ ጃስሚን የሰኩ አንዲት እናት እጃቸውን ዘርግተው አስቆሙኝ። በታሚልኛ ብዙ ነገሩኝ። ጓደኛዬ ከኋላ ይስቃል። መቅደሱ የሚዞረው ለካ በስተቀኝ አድርገውት ነው፤ ስለዚህ መጀመር ያለብኝ በግራ ነበር። ግቢው ደግሞ ከ200 ሜትር በላይ ይረዝማል።

እሳቸው በባዶ እግራቸው ቀስ እያሉ አብረውኝ ዞሩ። እኔ በተረከዝ፣ በጣት፣ በጎን። ከንፈሬ ሲንቀሳቀስ የምጸልይ መስሏቸው መንገድ የለቀቁልኝ ሰዎች ነበሩ። የምለውን ባይሰሙ ይሻላል።

በመጨረሻ ወደ ናንዲ መጠለያ ደረስኩ። ናንዲ የሺቫ በሬ ነው፤ ከአንድ ድንጋይ የተጠረበ፣ ግዙፍ። ደረጃውን ወጥቼ ጥላው ውስጥ ፊት ለፊቱ ቆምኩ። ተመስገን! ወዲያው አንድ ሽማግሌ በእጃቸው ዞር በል አሉኝ። ናንዲ ሁልጊዜ የሚያየው ጌታውን ነው፤ በመካከላቸው አይቆምም።

«ጋረድከው እኮ» አለኝ ጓደኛዬ።

በሬውን ቀና ብዬ አየሁት። ቅር ያለው አይመስልም። ቢሆንም ወረድኩ። ወደ ምጣዱ።